ሁለት አጭር ፉጨት

ጥር 26

ፓምፑ በሦስተኛው ተነሣ። ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጊያ ላልቷል… ማጥበቅ አለብኝ።

ፓምፑ በሚሞላው ኩሬ ላይ የመጡት፦ የሜዳ አህያ አሥራ አንድ። ከርከሮ ከሦስት ግልገሎቿ ጋር፣ አራቱም ተንበርክከው ጠጡ። ሁለት ሽመላዎች ጭቃው ዳር እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ቆመው ዋሉ፣ ማንም ሳይታረቅ መሸ። ዝሆኖቹ ገና ናቸው። ወንዙ ጨርሶ ሲደርቅ ይመጣሉ።

የሎጁ አስጎብኚ በመኪናው መስኮት ብቅ ብሎ፣ "አባ ፓምፕ! ለእንግዶቼ ዝሆን ይቅዱልኝ እንጂ፣ ውሃማ እቤታቸውም አለ!" አለኝ። እንግዶቹ ሳይገባቸው ሳቁ። ሳቅሁ እኔም።

ልጄ ለምሳ መጣች። "አባዬ፣ ያን ጥርስ አስተክለው እንጂ፣ ስትስቅ በር የተከፈተ ይመስላል" አለች። የወለቀውን የፊት ጥርሴን ነው። "ለማን ብዬ?" አልኳት። ሳህኗን ይዛ ተነሣች። ምን አስባለኝ?

ጥር 29

ሚስቴ በሕይወት ሳለች ከሥራ ስንገባ "ዛሬ ማን መጣ?" ትለኝ ነበር። ውሃው ላይ ማለቷ ነው። ዘመድ የሚጠይቀን ይመስል። "ዝሆኖቹ ከነልጆቻቸው" እላለሁ። "ምነው፣ ምሳ ሳይበሉ ሸኘሃቸው?" ትላለች። አሁን ጠያቂ የለም። ለደብተር እነግራለሁ።

የካቲት 19 ቀን ከሞተች ዓመት ይሞላታል።

ልጄ በእናቷ ቦታ ልብስ ማጠቢያ ቤት ከገባች አራት ወሯ። አይሆንም ብያት ነበር። "የእማዬ ገመድ ላይ ሌላ ሰው ሲያሰጣ ከማይ እኔው ላስጣበት" አለች።

ያው መንገድ ነው። ከማጠቢያው ቤት እስከ ማስጫው ገመድ መቶ ሃያ እርምጃ። መሐሉ ቁጥቋጦ፣ ግራው የእኔ ኩሬ። አውሬ ለውሃ ሲመጣ በዚያ ያቋርጣል። ስለዚህ ሕግ ነበረን፣ አሁንም አለን። የምትሻገረው ሴት ዳር ላይ ቆማ አንድ ረጅም ታፏጫለች። እኔ ከፓምፑ ቤት ወይም ጥበቃው ከማማው ላይ ተነሥተን ቁጥቋጦውን እናያለን። ባዶ ከሆነ ሁለት አጭር እንመልሳለን። ካልተመለሰላት ንቅንቅ የለም። ሎጁ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አልተጎዳም።

እስከዚያ ቀን።

አምና፣ ሚስቴ በሞተችበት ቀን፣ አንድ ሰው ሁለት አጭር መለሰላት፤ ካልተመለሰላት እንደማትነቃነቅ ሁሉም ያውቃል። ከሷ በቀር የሰማው የለም፣ ጀነሬተሩ እየጮኸ ነበር። አንድ ጎሽ ቁጥቋጦው ውስጥ ተኝቶ ነበር።

እኔ የውሃ ታንከሩ ጋ ነበርኩ፣ ከፓምፑ ቤት ራቅ ብዬ።

የካቲት 4

ጡረተኛው ተመለሰ።

ከመንጋው የተገለለ ሽማግሌ ጎሽ ነው፣ የግራ ቀንዱ ጫፍ የተሰበረ። ስሙን ያወጣለት አስጎብኚው ነው፣ ብቻውን ተቀምጦ ሲነጫነጭ ስለሚውል። አምና ከዚያ ነገር በኋላ የፓርኩ ሰዎች መሣሪያ ይዘው ሁለት ሳምንት ፈለጉት። ዝናቡ መጣ፣ ዱካው ጠፋ። አሁን ውሃ ጠማውና መጣ።

ቀስ ብሎ ጠጣ። እኔ በቀዳሁለት ውሃ። ቀና ብሎ አየኝ። ከብት ነው፣ ምን ያውቃል… ግን ቀድሜ ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ፓምፑን ላጥፋው? ሌሎቹስ ምን በደሉ።

ለሎጁ ሥራ አስኪያጅ ነገርኳቸው። "ለፓርኩ እደውላለሁ" አሉ። የማጠቢያ ቤት ሴቶቹንም አስጠነቀቁ፦ "መልስ ሳትሰሙ አንዲት እርምጃ እንዳትራመዱ!"

የካቲት 8

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ፉጨት ሰማሁ። ረጅም… መጨረሻው ሽቅብ የሚል፣ ጥያቄ እንዳለው ሰው። ልጄ በሁለት ጣቷ ነው የምታፏጨው፣ ጆሮ ይበሳል። ይሄ የከንፈር ነው።

የእናቷ ነው።

ወጣሁ። መንገዱ ዳር ማንም የለም። ልጄን ማጠቢያ ቤት ካውያ ይዛ አገኘኋት። "አላፏጨሁም። ፀሐይ መታህ እንዴ አባዬ?"

ፀሐይ ይሆናል።

የካቲት 9

ዛሬም። በዚያው ሰዓት።

ጸሎት ስጸልይ "ይቅር በለን" የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ይቆማል። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው። ዘልዬው አሜን እላለሁ። የተዘለለ ጸሎት ይደርሳል?

የካቲት 11

ጢሞ የቆሻሻ ጋሪውን እየገፋ በፓምፑ ቤት አለፈ። አሥራ ስድስት ዓመት ማማው ላይ የቆመ ጥበቃ ነበር። ጢሙ ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል ይባልለት ነበር። አምና "እሱ ነው የመለሰላት" ተባለ። እኔ ታንከሩ ጋ ከነበርኩ ከሱ ሌላ ማን አለ? አላፏጨሁም ብሎ ማለ፣ ተገዘተ። ማንም አላመነውም። አላባረሩትም፣ ከማማው አውርደው ቆሻሻ ሰጡት። በማግስቱ ጢሙን ተላጨ። ቅጽል ስሙ ግን አልለቀቀውም።

ጋሪውን አቁሞ፣ "ሰማህ?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ተወው።" ትንሽ ገፋ አድርጎ ደግሞ ቆመ። "ጆሮዬ አልደከመም እኮ ወንድሜ። የደከመው ልቤ ነው።"

ውሃ ቀዳሁለት። ጠጣ። "እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ። ለእኔ…

የካቲት 14

አየኋት። ወፍ ናት!

ጥቁር፣ ዓይኗ ቀይ፣ ጅራቷ እንደ መቀስ የተከፈተ። ማስጫው ገመድ አጠገብ ያለው ግራር ላይ ነበረች። መጀመሪያ እንደ ሥራ አስኪያጇ ስልክ ጮኸች። እሳቸው በዚያ ሲያልፉ ኪሳቸውን ዳበሱ፣ ስልኩን አውጥተው አዩት፣ መልሰው ከተቱት። ሳቄ መጣ። ቀጥላ የሚስቴን ፉጨት… ልቅም አድርጋ፣ ሽቅብ የሚለውን ጭምር።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጌታዬ፣ ድምጿን ዓመት ሙሉ ወፍ ጉሮሮ ውስጥ አኖርክልኝ? አላለቀስኩም አልልም።

ወፏ ዝም አለች። ከዚያ መለሰች። ራሷ ጠርታ ራሷ መለሰች። ሁለት አጭር፣ ሁለተኛው መጨረሻው ላይ የሚሰነጠቅ።

የእኔ ነው። በወለቀው ጥርሴ በኩል ነፋስ ስለሚያመልጠኝ ይሰነጠቃል። ሚስቴ "ፉጨትህ የተቀደደ አንሶላ ነው" እያለች ትስቅብኝ ነበር። "ቢሆንም ከሺህ ሰው መሐል አውቀዋለሁ። አምኜው እሄዳለሁ።"

አምኜው እሄዳለሁ።

የካቲት 15

ለራሴ እንኳ ጽፌው የማላውቀውን ልጻፍ።

ታንከሩ ጋ አልነበርኩም። ፓምፑ ቤት ውስጥ ነበርኩ፣ ከረጢት ላይ ጋደም ብዬ፣ ባርኔጣዬን ፊቴ ላይ ደፍቼ። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ስታፏጭ ሰማኋት። ሳልነሣ፣ ባርኔጣውን እንኳ ሳላነሣ፣ ሁለት አጭር መለስኩ። ስንት ሺህ ጊዜ አይቼ ባዶ ነበር… ዛሬም ባዶ ነው ብዬ። ከንፈሬን ማርጠቤን አስታውሳለሁ። ከዚያ ጩኸቷን።

ሥራ አስኪያጇ መጥተው "ማን ነው ያፏጨው?" ሲሉ "እኔ ታንከሩ ጋ ነበርኩ" አልኩ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። "ጢሞ ነው" አላልኩም። አላልኩም! ሌሎቹ ሲሉ ግን ዝም አልኩ። ይሄ ከመናገር በምን ይሻላል?

የካቲት 16

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ። ወፏ መልሱን ታውቃለች። ልጄ አፏጭታ ወፏ ብትመልስላትስ?

መናገር አለብኝ። "ወፏ የእኔን መልስ ለምዳዋለች፣ ፉጨት አትመኑ" ማለት ብቻ ነው። ቀላል ነው። ሁለቴ ማጠቢያ ቤት ደጃፍ ደርሼ ተመለስኩ። እሱን ከጀመርኩ ሌላውም ተጎትቶ የሚወጣ ይመስለኛል… "ታዲያ ያን ቀን?" የሚል ሰው አይጠፋም።

ይልቅ አልቀመጥም። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ቆሜ ቁጥቋጦውን በዓይኔ እጠብቃለሁ። ይበቃል።

ይበቃል?

የካቲት 18

አልበቃም።

ስምንት ከሃያ ላይ ቺንጊያው ተበጠሰ። ያ ጥር ላይ አጠብቀዋለሁ ያልኩት። ጎንበስ ብዬ በመፍቻ ስታገል የልጄ ፉጨት ተሰማ። ቀና እስክል፣ እጄ ቅባት፣ መፍቻው እግሬ ላይ ወደቀ… ሁለት አጭር። ሁለተኛው የተሰነጠቀ። የእኔ መልስ፣ ያለ እኔ።

"ቁሚ!" እያልኩ ወጣሁ። ቅርጫቱን ተሸክማ መንገዱን አጋምሳለች። ጡረተኛው ከቁጥቋጦው ሲወጣ ድምፅ የለውም። ያን የሚያህል ነገር፣ ድምፅ የለውም። ቅርጫቱን እንዳለ ወረወረችበት። እርጥብ አንሶላ ቀንዱ ላይ ተጠመጠመ፣ ዓይኑን ሸፈነው። ሮጠች። እኔም ወደሷ ሮጥኩ። ክንዷን ይዤ ፓምፑ ቤት ከተትኳት። ጎሹ ዙሪያችንን እያጓራ ዞረ፣ የናፍጣውን በርሜል ደረመሰ፣ ከዚያ ከነነጭ አንሶላው ወደ ዱሩ ገባ።

ክርኗ ተላጠ። ሌላ ምንም። ምንም!

"መለስክልኝ እኮ" አለች። "ሰምቼ ነው የሄድኩት አባዬ። መለስክልኝ እኮ!"

የካቲት 20

ትናንት ስለ ወፏ ተናገርኩ። ስለ ወፏ ብቻ። የሚስቴ ዓመት በሞላበት ቀን።

ዛሬ አስጎብኚው ድምፅዋን በስልኩ ቀድቶ ለሁሉም አሰማ። "ይቺማ የሌላውን ጩኸት እያስመሰለች፣ ሲደነግጡላት ምግባቸውን የምትነጥቅ ሌባ ናት፣ አውቃታለሁ። የሰው ነፍስ ትነጥቃለች ግን አላልኩም" አለ። ከዚያ ሁሉም ባንድ አፍ… "አምናም እሷ ናት!" ሥራ አስኪያጇ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ለካ ማንም አልነበረም" አሉ። ጢሞን አስጠርተው በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቁት። ማማው ይመለስለታል።

ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "የማንም ጥፋት አይደለም አባዬ። የወፍ ነው።"

በሩ ተከፈተልኝ። መውጣት ብቻ ነው። ደግሞስ እውነት ቢሆን? ከእኔ ቀድማ ወፏ መልሳላት ቢሆንስ? ማን ያውቃል…

አይ። ከንፈሬን አርጥቤያለሁ።

የካቲት 23

ጢሞ በጠዋት መጣ፣ ማማው ላይ ከመውጣቱ በፊት። ጢሙን ማሳደግ ጀምሯል፣ እንደ ጃርት ቆሟል።

"አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ አለ" አለኝ። "ይዤው ብወጣ ማማው ያዞረኛል።"

"ምን?"

"አንተ ነህ ብዬ ጠርጥሬህ ነበር። ዓመት ሙሉ። ሚስቱን የቀበረ ሰው… ውሃ ስትሰጠኝ በሆዴ እየረገምኩህ ነበር የምጠጣው።" እጁን ዘረጋልኝ። "ይቅር በለኝ ወንድሜ።"

"ይቅር ብያለሁ" አልኩ።

እንዲህ አልኩ። ይሄ አፍ።

የካቲት 24

ፓምፑን እስከ ሁለት ሰዓት አላስነሣሁም፣ ተነሥቼ መቆም ከበደኝ። ስወጣ ዝሆኖቹ መጥተዋል። አሥራ ሰባት። ያለቀውን ኩሬ በኩምቢያቸው እየዳበሱ ቆመዋል። አሮጊቷ ዞር ብላ አየችኝ። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ጠበቀችኝ።

አስነሣሁ።

የካቲት 26

ለጢሞ ነገርኩት። የማማው መሰላል ሃያ ሁለት ደረጃ ነው፣ በየደረጃው ልመለስ ነበር።

"እኔ ነኝ የመለስኩላት። ታንከሩ ጋ አልነበርኩም።"

ዓይኑን ከሩቅ ማያ መነጽሩ አልነቀለም።

"ቆመህ ነው ተቀምጠህ?"

"ተጋድሜ።"

"ተጋድመህ…" አለ። "እኔን ሲያወርዱኝስ የት ነበርክ?"

"እዚያው። ከሰዎቹ ጋር።"

"አይቼሃለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የአንተን ዓይን ነበር የምፈልገው።" መነጽሩን አወረደ። "ውረድልኝ።"

ወረድኩ። እግሬ ሳይቀዘቅዝ ማጠቢያ ቤት ገባሁ። ልጄ እየተኮሰች ነበር። እስክጨርስ ሰማችኝ። ካውያው አንሶላው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ፣ ቃጠሎው ሸተተን፣ ማናችንም አላነሣነውም።

ስለ እናቷ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር።

"ወፏ መልሱን መልመዷን መቼ አወቅህ?" አለች።

"አሥራ አራት ለት።"

በጣቷ ቆጠረች። "አራት ቀን" አለች። "እያወቅህ አራት ቀን አፏጭቼ ሄድኩ።"

ካውያውን አነሣች። አንሶላው ላይ የካውያው ቅርጽ ቀርቷል።

መጋቢት 1

ሥራ አስኪያጇ ሁሉንም ሰሙ። አላባረሩኝም። ያባርሩኝ ነበር፣ ዕቃዬንም ጠቅልዬ ነበር… ጢሞ ነው ያስቀረኝ። ለኔ ብሎ አይደለም። "ይሂድ ካላችሁ ይቀለዋል" ብሏቸው። እውነቱን ነው።

ፉጨት ቀረ። የምትሻገር ሴት ዝም ብላ ዳር ላይ ትቆማለች። አንድ ሰው መንገዱን በእግሩ አቋርጦ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ፊቷ ድረስ መጥቶ ይዟት ይሻገራል። ጢሞ ከማማው ሁለቱንም ይጠብቃል። "ማን ይሁን የሚሄደው?" አሉ ሥራ አስኪያጇ። እጄን አወጣሁ። ሰው ሁሉ ወደ ጢሞ ዞረ።

"ይሂድ" አለ። "በዓይኔ ሥር ይሁን።"

መጋቢት 5

ልጄ አሥር እርምጃ ወደኋላ ቀርታ ትከተለኛለች። አትናገርም። ምሳዋን ማጠቢያ ቤት ትበላለች።

ለብቻ የሚበላ ምግብ ጨው የለውም።

መጋቢት 12

ጡረተኛው መጣ። የአንሶላው ቅዳጅ አሁንም ቀንዱ ላይ አለ፣ ጭቃ መስሏል። ዛሬ ዓይኔን አልሰበርኩም። ጠጥቶ ሄደ። የፓርኩ ሰዎች ሲደርሱ ዱካው ብቻ ነበር።

እሱማ ተኝቶ ነበር። ሰው መጥቶበት ነው የተነሣው። እኔ ነኝ መነሣት የነበረብኝ።

መጋቢት 25

ዘነበ። ከሰዓት በኋላ፣ መጀመሪያ አቧራው ሸተተ፣ ከዚያ ወረደ። የሜዳ አህዮቹ ውሃውን ትተው ቆመው ተመቱ፣ ጆሯቸውን ጥለው። ነገ ተነገ ወዲያ ይሄዳሉ።

ጸሎት ላይ "ይቅር በለን" ጋ ስደርስ ዛሬ አልዘለልኩም። አላለፍኩምም። እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ሚያዝያ 2

ፓምፑን አጠፋሁ። ኩሬው በራሱ ሞልቷል።

ማን መጣ? ማንም። ሜዳው ሁሉ ውሃ ሆኖላቸው ወደኔ ምን ያመጣቸዋል። እንቁራሪት ብቻ። አስጎብኚው በጭቃ የተለወሰ መኪናውን እየገፋ፣ "አባ ፓምፕ፣ አውሬዎቹ እርስዎንም ረሱዎት!" አለኝ። በሳምንታት ውስጥ የመጀመሪያ ቀልዱ ነው። እግዜር ይስጠው።

ዝናቡ ስምንት ተኩል ላይ ጋብ አለ። ወፏ አፏጨች። የሚስቴን… ሽቅብ የሚለውን ጭምር። ልምድ ክፉ ነው፣ ከንፈሬ እርጥብ ነበር። አልመለስኩም። ተነሣሁ። ባርኔጣዬን ምስማሩ ላይ ትቼ ወጣሁ። መቶ ሃያ እርምጃ፣ ግራና ቀኝ እያየሁ። ከማማው ላይ የጢሞ መነጽር ብልጭ ሲል ታየኝ።

ልጄ ዳር ላይ ቆማለች። ቅርጫቱ ሞልቷል፣ ዝናቡ ያስቀረው የሦስት ቀን ልብስ ነው።

"ባዶ ነው" አልኳት።

"በዓይንህ አይተህ?"

"በዓይኔ።"

ቅርጫቱን በሁለት እጇ አነሣች፣ ከዚያ አንዱን እጀታ ለቀቀችልኝ። ያዝኩት። አሥር እርምጃ ወደኋላ መቅረት አልቻለችም፣ ቅርጫቱ አያስቀርም። ጎን ለጎን ሄድን። መሐሉ ላይ፣ እናቷ የወደቀችበት ጋ፣ ቆመች። ቆምኩ። ወፏ እላያችን ሆና ጠራች፣ ራሷ መለሰች።

"የመጀመሪያው እማዬ ናት" አለች ልጄ።

"አዎ።"

"ሁለተኛው አንተ ነህ።"

"አዎ። እኔ ነኝ።"

ቅርጫቱን አልለቀቀችም።